የቀጥቃጩ ልጅ

ላፍቶ ውስጥ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ የተማሪዎችን መዝገብ ስሞላ፣ አንዱን ልጅ የአባቱን ሥራ ብጠይቀው አቀርቅሮ ዝም አለ። አጠገቡ የተቀመጠው ተማሪ «አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነው» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሳቁን ካስቆምሁ በኋላ፣ በእንግሊዝኛ መጽሐፋቸው ውስጥ ደጋግመው ያገኙት «ስሚዝ» የሚለው ስም ምን ማለት እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው። የመለሰልኝ አልነበረም።

ስሚዝ ማለት ቀጥቃጭ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን በእንግሊዝ አገር የሚወጡት የክርስትና ስሞች ጥቂት ስለ ነበሩ፣ በአንድ መንደር ብዙ ዮሐንሶች ይገኙ ነበር። ስለዚህ አንዱን ከሌላው ለመለየት «ቀጥቃጩ ዮሐንስ» ማለት ተለመደ። ውሎ አድሮም መለያው ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የቤተሰብ ስም ሆነ፤ መዶሻ ጨብጦ የማያውቀው የልጅ ልጅ ሳይቀር ስሚዝ ተባለ። በ2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ2.4 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች በዚህ ስም ተመዝግበዋል፤ ከቤተሰብ ስሞችም ሁሉ አንደኛ ነበር። የጀርመኑ ሽሚት፣ የሐንጋሪው ኮቫች፣ የዐረቡ ሐዳድ ትርጉማቸው ያው ነው።

ታዲያ በእኛ አገር ቀጥቃጭ ተብሎ የሚጠራ ቤተሰብ ስለምን የለም? ቶሎ የሚመጣላችሁ መልስ የስም አጠራራችን ነው። የከበደ ልጅ አበበ ከበደ ይባላል፤ የአበበ ልጅ ደግሞ በአበበ ይጠራል፤ የከበደ ስም በዚያው ይቀራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ቢደነግግም፣ ልማዱን ሊለውጠው አልቻለም።

ይህ መልስ እውነት ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን ግማሽ እውነት ነው። ስም በማይወረስበት አገር ስድብ ይወረስ ነበርና! ማረሻውንና ማጭዱን ከቀጥቃጩ እጅ ተቀብሎ የሚያርሰውና የሚያጭደው ገበሬ፣ ቀጥቃጩን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያለ ይሸሸው ነበር፤ ልጁንም ለልጁ አያጋባም። መዶሻ ያልጨበጠው የልጅ ልጅ እንኳ ከዚህ ስያሜ አያመልጥም ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው፣ ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበር ያስረዳል። በሙያ መሰየሙማ አላስቸገረንም፤ የቤተ መንግሥት ባለሙያዎች ለሰፈሩበት የአዲስ አበባ ክፍል «ሠራተኛ ሰፈር» የሚል ስም ወጥቶለታል። ያፈርነው ሙያው በሰው ላይ ሲሆን ነው።

እንግዲህ የቤተሰብ ስም ከፈረንጅ እንዋስ የሚሉትን አልደግፍም። አባትን በስሙ የሚያስጠራው ልማዳችን ምንም አልጎደለውም። እኔን የሚያሳስበኝ ያ የክፍል ሳቅ ነው።

ደወል ተደውሎ ተማሪዎቹ ሲወጡ ልጁ ወደ እኔ ቀረበና፣ በመዝገቡ ላይ «የግል ሥራ» ብዬ እንድጽፍለት ለመነኝ። እንዳለኝ ጻፍሁለት፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።