ያልተበላሸች ማሽን ለምን አትሠራም?

የሠርግ መጥሪያ፣ የልደት ማስጌጫ፣ በቲሸርትና በብርጭቆ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ የምትቆርጥ ክሪከት የተባለች ትንሽ ማሽን በአሜሪካ ብዙ ቤት ገብታለች። እቤቱ ሆኖ ጥቂት ገቢ ለማግኘት ላሰበ ሰው ደህና ንብረት ናት። ጣጣው የሚመጣው ያገለገለችውን በርካሽ አገኘሁ ብሎ የገዛ ሰው ከኮምፒውተሩ ጋር ሲያገናኛት ነው። መብራቷ ይበራል፣ ምላጯ ስለታም ነው፣ ገመዷም ጤነኛ ነው። ኮምፒውተሩ ግን አላውቃትም ይላል።

በዚህን ጊዜ አብዛኛው ሰው ገመድ ይቀያይራል፣ ፕሮግራሙን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፣ አልሆን ሲለው ጠጋኝ ፍለጋ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ በፊት መታየት ያለበት በማሽኗ ላይ የተጻፈው የሞዴል ስም ነው። ኤክስፕሬሽንን የመሳሰሉት የቀድሞ ሞዴሎች ከኮምፒውተር ጋር ይሠሩ የነበሩት ክራፍት ሩም በተባለ ፕሮግራም ነበር። ኩባንያው ይህንን ፕሮግራም በሐምሌ ወር 2018 እ.ኤ.አ. ዘጋው። የተካው ዲዛይን ስፔስ እንደ ኤክስፕሎር፣ ሜከርና ጆይ ያሉትን እንጂ እነዚያን አይቀበልም። ኤክስፕሬሽን የያዘ ሰው አሥር ገመድ ቢገዛ ትርፉ ድካም ነው። የሚቀረው በካርትሪጅ መሥራት ብቻ ነው፤ ደንበኛ ይዞት የመጣውን የድርጅት ምልክት ግን ካርትሪጅ ውስጥ ከየት ያመጣዋል?

ሞዴሏ ተቀባይነት ካላት ነገሩ ይቀላል። ያረጀ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር ዲዛይን ስፔስን አያስኬድም፤ ቢያንስ ዊንዶውስ 10 ያስፈልጋል። ሥዕሉም ሌላ ሰበብ ነው፤ ሲልወት በተባለው ተፎካካሪ ማሽን ፕሮግራም የተቀመጠ ፋይል እዚህ አይከፈትም፣ በኤስቪጂ ተቀይሮ መምጣት አለበት።

ቴክኖሎጂ ይሄዳል፣ አሮጌው ይቀራል የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ አሮጌ ፕሮግራም ማስታመም ወጪ ነው። ይሁንና ይኸው ኩባንያ፣ ፕሮቮ ክራፍት ይባል በነበረበት ጊዜ፣ ማሽኑን በሌላ ሶፍትዌር ለማሠራት የሞከሩትን በፍርድ ቤት ከስሶ ነበር። ሜክ ዘ ከት የተባለው ፕሮግራም በ2011 እ.ኤ.አ. ክሪከትን ማሠራት ያቆመው በዚሁ ሳቢያ ነው። የራሱን በር ሲዘጋ የጎረቤቱንም አስቀድሞ ካዘጋ፣ ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ሰው በየት ይግባ? በመጋቢት ወር 2021 እ.ኤ.አ.ም ወርኃዊ ክፍያ የማይከፍል ደንበኛ በወር ከ20 በላይ የራሱን ሥዕል እንዳያስገባ ሊያግድ አስቦ ነበር። ደንበኛው ሲጮህበት በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ለወጠ። መጮህ እንግዲህ ዋጋ አለው፤ የኤክስፕሬሽን ባለቤቶች ጩኸት ግን ሰሚ አላገኘም።

ኩባንያው ለተዋቸው ሞዴሎች ቢያንስ ሌላ ፕሮግራም እንዲያሠራቸው መፍቀድ ነበረበት። ያገለገለ ዕቃ ሻጭም «ትሠራለች» ሲል በምን እንደምትሠራ መናገር አለበት። አሜሪካ ያለ ዘመዱ በሻንጣ እንዲያመጣለት የሚጠይቅ ሰው ዋጋዋን ከመጠየቁ በፊት ሞዴሏን ይጠይቅ። እዚያው የሚገዛም የራሱን ኮምፒውተር ይዞ ይሂድና አንዲት ወረቀት አስቆርጦ ይይ። ሻጩ ለዚህ ፈቃደኛ ካልሆነ ዋጋው በካርትሪጅ ብቻ የምትሠራ ማሽን ዋጋ ነው።