ለቁሓ ሴቶች ፈቃድ ወይስ ቀለብ?
ሴተኛ አዳሪነት ሕጋዊ ይሁን የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ሐሳቤ ከመቀሌ ጥግ፣ ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ወዳለችው ቁሓ ይሄዳል። የትግራይ ጦርነት መቀሌና ዙሪያዋን በተፈናቃይ ሞልቷል፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ የምግብ እርዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። ልጆቿ ሳይበሉ የዋሉባት እናት ማታ ቡና ቤት በር ላይ ስትቆም ይህን «ምርጫዋ ነው» ለማለት አንደበቴ አይታዘዘኝም። ሰውየው ያለ ኮንዶም ካልሆነ ሲላት እምቢ የምትልበት አቅም የላትም፤ ካገኘችውም ላይ የአልጋ ኪራይና የደላላ ድርሻ ይነሳል። ሕጋዊ ይሁን ባዮች አንድ እውነት ይዘዋል፦ የተደበደበች ሴት ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ትፈራለች። ነገር ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 634 የሚቀጣው እሷን ሳይሆን በገላዋ የሚነግደውን ደላላና ቤቱን የከፈተውን ነው። ንግዱ በሙሉ ይፈቀድ ከተባለ ነፃ የሚወጡት እነዚህ ናቸው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራውን በሕግ አቀፈችው፤ ስዊድን ግን ከ1999 ጀምሮ ሻጯን ትታ ገዢውን ትቀጣለች። እኔ ከስዊድን ጋር ነኝ፤ ያውም ቀለብ ከቀደመ ነው። ገዢውን ቀጥተን ሴቲቱን ባዶ ሞሰብ ይዛ ከተውናት በደሏን አበዛንባት እንጂ አላዳንናትም። ስለዚህ በመጀመሪያ ለተፈናቃይ እናቶች የማይቆራረጥ ራሽን ይሰጥ፤ ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ቃል የገባላቸው ወደ ቀዬ መመለስም ይፈጸም፤ አንቀጽ 634ም ከወረቀት ወርዶ ደላላው ላይ ይሥራ።