ባጃጁን ያስጌጠው ማን ነው?

በሀዋሳ ሆቴሎች አዳራሽ በሚሰጡ የግብይት ሥልጠናዎች ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ምክር ሳይሰማ አይወጣም፦ ደንበኛህን እወቅ፤ ስሙን፣ ስልኩን፣ የልደት ቀኑን፣ የገዛውን ሁሉ መዝግብ፤ ከዚያ ለእሱ ብቻ የሚስማማውን አቅርብለት። ይህ ምክር ከሥሩ የተሳሳተ ይመስለኛል። ሻጭ ስለ ገዢው አብዝቶ ባወቀ ቁጥር የገዢውን ፍላጎት ገምቶ ሊሠራለት ይችላል ከሚል እምነት ይነሳል። ሰው ግን የእኔ የሚለው በእጁ የነካካውንና የለወጠውን ነው።

የግምቱን ውጤት በየስልካችን እናየዋለን። አንድ ባንክ በስሜ ጠርቶ እንኳን ተወለድክ ይለኛል፤ ሳምንት ሳይሞላ እዚያው ባንክ ያለኝን ዓይነት ሂሳብ እንድከፍት ይወተውተኛል። የልደት ቀናቸውን በግምት ያስመዘገቡ ወላጆቻችንማ በማያውቁት ቀን መልካም ምኞት ይደርሳቸዋል። ስም ተጠርቷል፣ መረጃ ተሰብስቧል፤ የተጠራው ሰው ግን ምንም አልመረጠም።

በከተማችን ፕሌይስቴሽን ቤቶች ያለው ነገር ከዚህ ይለያል። አንድ ልጅ የእግር ኳስ ጌም ከፍቶ የራሱን ተጫዋች ሲፈጥር ተመልከቱት። በሰዓት እየከፈለ ነው፤ ጓደኞቹ ‹‹ቶሎ በል፣ እንጫወት!›› እያሉ ይጮኹበታል። እሱ ግን የፀጉሩን ቁርጥ ያገላብጣል፣ የቆዳውን ቀለም ከክንዱ ጋር ያስተያያል፣ ቁመቱን ትንሽ ይጨምራል፣ የታኬታውን ቀለም ሦስቴ ይቀይራል። የጌሙ አምራች ስለዚህ ልጅ የሚያውቀው ነገር የለም። መሣሪያውን ሰጥቶት ዞር ብሏል።

ዞር ማለት አያከስርም። ፎርትናይት በነፃ የሚጫወቱት ጌም ነው፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ብቻ ከ9 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በዋናነት የሚሸጠው ለጌሙ ገጸ ባሕርያት የሚሆን አልባሳትና ጭፈራ ነው፤ ልብሱን የገዛ ተጫዋች ከሌላው የበለጠ ጉልበት አያገኝም።

የግብይት ባለሙያዎቻችን ይህን ለመማር ጌም መክፈት አያስፈልጋቸውም። ከአዳራሹ ወጥተው ባጃጅ ይሳፈሩ። ሕንድ ከሚገኘው ፋብሪካ ሲወጣ ሁሉም አንድ ነው፤ ሦስት ጎማ፣ አንድ ዓይነት መብራት፣ ተመሳሳይ ሸራ። ሀዋሳ ላይ አንድ ወር ከሠራ በኋላ ግን ወንድሙን አይመስልም። አንዱ ከመስታወቱ በላይ የእመቤታችንን ሥዕል ሰቅሏል፤ ሌላው የአርሰናልን አርማ ከኋላ ለጥፏል። ወንበሩን በቀይና ጥቁር ቆዳ ያሰፋ አለ፤ ከጣሪያው ዙሪያ ዘርፍ ያንጠለጠለ አለ፤ ከተሳፋሪው እግር ሥር ስፒከር ቀብሮ ማታ ማታ በሰማያዊ መብራት የሚሄድ አለ። ጥቅሱንስ ማን ቆጥሮ ይጨርሰዋል? ምቀኛን የሚገስጽ፣ እናትን የሚያመሰግን፣ ጥሎት ለሄደ ፍቅር መልስ የሚሰጥ። እነዚህን ሦስቱን የትኛውም የመረጃ ቋት ከአንድ ሹፌር ሊያወጣ አይችልም።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ብዙው ሹፌር የባጃጁ ባለቤት አለመሆኑ ነው። ማታ ማታ ለባለቤቱ የቀን ገቢ ያስረክባል፤ ነገ ቁልፉን ሊቀማ ይችላል። እንዲህም ሆኖ ከተረፈችው ገንዘብ ላይ ቀንሶ የሰው ንብረት ላይ የወንበር ልብስ ያሰፋል። ቀኑን ሙሉ የሚታየው በዚያ ባጃጅ ውስጥ ነውና። ጎረቤት ያየዋል፣ ተሳፋሪ ያየዋል፣ ሌላው ሹፌር መናኸሪያ ላይ ቆሞ አስተያየት ይሰጥበታል። በስልክ የሚመጣውን የልደት መልእክት ግን ከእኔ ሌላ ማን ያየዋል?

ያልተፈቀደለትንም እንይ። ቀለሙን መቀየር አይችልም፣ ታርጋው የመንግሥት ነው፣ ታሪፉን ከተማው ይወስናል። አጥሩ ጠባብ ነው፤ ጥበቡ የሚወለደውም እዚያው ውስጥ ነው። ጌሙም ለልጁ ባዶ ሰሌዳ አልሰጠውም፤ የተቆጠሩ ፀጉሮችና ጥቂት ታኬታዎች አቀረበለት። ሻጭ ማድረግ ያለበት ይኸው ነው፦ የማይነካውን ለይቶ መቆለፍ፣ የቀረውን ለገዢው መልቀቅ። ታሪፉ የተቆለፈ ስለሆነ ያጌጠው ባጃጅ ካላጌጠው የበለጠ አያስከፍልም፤ እንደ ፎርትናይቱ ልብስ ሁሉ ጨዋታው ለሁሉም አንድ ነው።

ሰው ሰነፍ ነው፣ መምረጥ ይደክመዋል የሚሉ አሉ። ልጁንም ሹፌሩንም አላዩም ማለት ነው። ኖርተን፣ ሞቾንና ኤሪየሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ራሳቸው ለገጣጠሙት ሣጥን ተገጣጥሞ ከቀረበላቸው የበለጠ ዋጋ ሰጥተዋል፤ ሥራው ሳያልቅ ሲቀር ግን ፍቅሩም ጠፍቷል። ስለዚህ ምርጫው የሚያልቅ ይሁን፤ መልሱ ይኸው ነው። ወጪው አይቻልም የሚለውንም ናይኪ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ገዢው የጫማውን ቀለም ራሱ እንዲመርጥ በማድረግ መልሶታል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በደጃችን ያለው የኢንዱስትሪ ፓርክ ስለሚቆረቁረኝ ነው። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለባሕር ማዶ ገዢ አንድ ዓይነት ሸሚዝ በብዛት እንዲሰፋ ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያ አሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያ ከምትሰጥበት ከአጎዋ ዕድል ስትወጣ ያ ገበያ ተናጋ፤ በፓርኩ ከነበሩት ትልልቅ አምራቾች አንዱ የነበረው የአሜሪካው ልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። ከመስፊያዎቹ ጥቂቱ እንኳ ለሀዋሳ ሰው ክፍት ሆነው፣ ኮሌታውን፣ ቁልፉንና የኪሱን ጥልፍ ገዢው እንዲመርጥ ቢደረግ ኖሮ፣ ሸሚዙ ዋሽንግተን በሚወስነው ውሳኔ የሚወድቅ ገበያ ላይ ብቻ አይንጠለጠልም ነበር። ለሲዳማ ዘመን መለወጫ ለፍቼ ጨምበላላ ልብስ የሚያሰፋ ቤተሰብ እጅጌውንና ጥለቱን ከልብስ ሰፊው ጋር ቆሞ ይመርጣል፤ የዚያ ገበያ ደንበኛ ያኔም ነበረ፣ ዛሬም አለ። ፓርኩን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ከሚመጣው ፍቼ በፊት ከመስፊያዎቹ አንድ መስመር ለዚህ ሥራ ይክፈቱ።