ሪሲቨሩ ይቅዳ፣ ቤተሰቡ እራቱን ይብላ

ማታ ማታ በቤታችሁ ሪሞቱ የሚውለው በማን እጅ ነው? እማማ ተከታታይ ድራማቸውን፣ አባት ኳሱን፣ ልጆች ካርቱናቸውን በአንድ ሰዓት ሲፈልጉ አንዱ ማኩረፉ አይቀርም። ልጆችም “እስኪያልቅ” እያሉ የመኝታ ሰዓታቸው ያልፋል። ፕሮግራም መቅጃ ይህን ጭቅጭቅ ያቀልላል። ግን ወደ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ቤታችሁ ያለውን ዕቃ እዩ።

የዲሽ ሪሲቨራችሁ የፍላሽ መሰኪያ ካለው፣ ሪሞቱም ላይ ቀይ ነጥብ ወይም “ሬክ” የሚል ቁልፍ ካለ፣ መቅጃው እጃችሁ ላይ ሊሆን ይችላል። ነጻ ቻናሎችን ለመቅዳት ፍላሽ ብቻ ይበቃችኋል ማለት ነው።

አዲስ የምትገዙ ከሆነ ካርቶኑን በጥንቃቄ አንብቡ። የማርኬቲንግ ባለሙያ ስለሆንኩ የካርቶን ላይ ቃል እንዴት እንደሚመረጥ አውቃለሁ። “ፒቪአር ሬዲ” የሚለው ጽሑፍ መቅዳት ይችላል ለማለት እንጂ ማስቀመጫው አብሮት አለ ለማለት አይደለም። ፍላሹን ወይም ሃርድ ዲስኩን የምትገዙት እናንተ ናችሁ። እንደ ዲኤስቲቪ ኤክስፕሎራ ያሉት ግን ዲስካቸው ውስጣቸው ነው። እነዚህን ስትገዙ “ወርሃዊ ክፍያ ሲቋረጥ የቀዳሁት ይታየኛል?” ብላችሁ ጠይቁ።

ስንት ጊጋባይት ይበቃል? በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚተላለፍ ፕሮግራም በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል። ስለዚህ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ከ30 ሰዓት በላይ ይቀዳል። ጥራቱ ከፍ ባለ ቁጥር ሰዓቱ ይቀንሳል። በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል ስለማይቀበል ረጅም ፊልም ሊቆራረጥባችሁ ይችላል። ፎርማት ሲደረግ ያለው ሁሉ ይጠፋልና የሰርግ ፎቶ ያለበትን ፍላሽ ፈጽሞ አትሰኩ።

ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ሦስት ነገር አስሞክሩ። አምስት ደቂቃ አስቀዱና መልሳችሁ እዩት። እየቀዳ ሌላ ቻናል ማየት ይቻል እንደሆነ ሞክሩ፤ ብዙዎቹ ርካሽ ሪሲቨሮች ይህን እንደልብ አይፈቅዱም። የተቀዳው በሌላ ዕቃ ላይ መታየቱንም አረጋግጡ። ብዙ ስማርት ቲቪዎች የሚቀዱትን ስለሚቆልፉት ከዚያው ቲቪ ውጭ አይከፈትም።

ቤት ስትገቡ ደግሞ ሰዓቱን አስተካክሉ። ሪሲቨሩ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ ስለሆነ ማታ 2 ሰዓት የሚጀምረውን ድራማ 20፡00 ብላችሁ ሙሉት። ስታጠፉት በሪሞት ይሁን፤ ከዲቫይደሩ ካጠፋችሁት አይቀዳም። መብራት ከሄደም ቀረጻው ይቋረጣልና የማያመልጣችሁን ፕሮግራም ድጋሚ የሚተላለፍበትን ሰዓት ያዙ።

በመጨረሻም የሚቀዳውን ዝርዝር እሁድ ዕለት አብራችሁ አውጡ፣ የሚታይበትንም ቀን ተስማሙ። ያለዚያ ጭቅጭቁ ከሪሞት ወደ ፍላሽ ይዛወራል።