ካባውን ቤት ያሉት ተናጋሪ

ሰሞኑን በአንድ ጉባኤ ላይ የተነሡ ተናጋሪ፥ በጨረቃ ላይ አፈር ሞልቶ ስለሚገኝና ያንኑ አፈር እየደረበ ግድግዳ የሚያቆም መኪና ስለ ተፈለሰፈ የሰው መኖሪያ ነገር አልቆለታል፥ የቀረውም የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ነው ብለው ሲደመድሙ፥ አዳራሹም በጭብጨባ ሲቀበላቸው ሰምቼ፥ ዝም ብዬ ለመቀመጥ ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም።

በምድራችን ላይ ግንበኛ ሲታገል የሚኖረው ከክብደት ጋር ነው፤ ጣራው ግድግዳውን፥ ግድግዳው መሠረቱን ይጫናል፥ ጡብም ይህን ጫና ችሎ ለትውልደ ትውልድ ይቆማል። በጨረቃ ግን ስበቱ የምድር ስድስተኛ እጅ በመሆኑ ክብደት ሲቀል፥ ከውጭ የሚቋቋመው አየር ስለ ሌለ፥ ለነዋሪው እስትንፋስ በቤቱ ውስጥ የሚታመቀው አየር፥ በምድር ባለው መጠን ከተያዘ፥ እያንዳንዱን ካሬ ሜትር ግድግዳ በ10 ቶን ያህል ኃይል ወደ ውጭ ይገፋዋል። ጡብ ሲጫኑት ይጸናል፤ ሲወጥሩት ይሰነጠቃል። ከጠፈር ጨረርና ከተወርዋሪ ደቃቅ ደንጊያ ለመከለል ጥቂት ሜትር አፈር ሲበቃ፥ ያን የአየር ግፊት በአፈር ክብደት ብቻ እናስታግሥ ብንል ግን ወደ 40 ሜትር የሚደርስ ቁልል ልናቆም ነው። እኒህ ሰው ይህን ስሌት አንድ ጊዜ እንኳ ሠርተውት ያውቃሉን?

እንዲህ ያለውን የጨረቃ ቤት የነደፉት ግን ነገሩን አልሳቱትም። የእንግሊዙ የፎስተር አርክቴክቶች ከአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ጋር ሆነው በ2013 እ.ኤ.አ. ባሳዩት ንድፍ፥ አየሩን የሚይዘው ከምድር ታጥፎ የሚሄድ፥ እዚያ ሲደርስ የሚነፋ ድንኳን ነው፤ የአፈሩ ሥራ ከላይ እንደ ካባ መሸፈን ነው። ካባን ቤት ብሎ መጥራት አድማጭን ማሳት ነው!

ሌላም አለ፤ የጨረቃ ቀን ሁለት ሳምንት፥ ሌሊቱም ሁለት ሳምንት ያህል ነው፤ በወገቧ አካባቢ ቀን ከ100 ዲግሪ በላይ ይግላል፥ ሌሊት ከዜሮ በታች ከ100 ዲግሪ አልፎ ይወርዳል፥ የቤቱ መጋጠሚያም ሁሉ በየወሩ ሲለጠጥና ሲኮማተር ይኖራል። የተመሰገነው አፈር ራሱ ነፋስና ውኃ ያላለሰለሰው፥ ስለታም ትቢያ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. በአፖሎ 17 የሄደው ሊቀ ሥነ ምድር ሃሪሰን ሽሚት ትቢያው መንኰራኵሩ ውስጥ ገብቶ አፍንጫውን አፍኖታል፤ ይህም በሦስት ቀን ቈይታ ብቻ ነው። በየዕለቱ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ከንፈሩ በዚህ ትቢያ ሲፋቅ ስንት ዓመት አየር ሳያፈስ ይዘልቃል?

አንባቢ ሆይ፥ ዳግመኛ የጨረቃ ቤት ሥዕል ሲያሳዩህ ከማጨብጨብህ አስቀድመህ፥ አየሩን የያዘው ምን እንደ ሆነ ጠይቃቸው።