የጥሩሩ ክር

ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። ልብስ ሳይ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ገበሩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ቱርክ ውስጥ ከሳታላ፣ የሮማ 15ኛው አፖሊናሪስ ሌጌዎን ሰፍሮበት ከነበረው ቦታ፣ የቅርፊት ጥሩር ተቆፍሮ መውጣቱን ስሰማም ፎቶግራፉን አጉልቼ ስፌቱን ፈለግሁ። አብረውኝ ያዩት ሰዎች የሚያወሩት ስለ ብረቱ ነበር።

የጎልያድን ታሪክ ከሰማን ጀምሮ ጥሩር ሲባል ብረት ብቻ ይታየናል። የሮማው የቅርፊት ጥሩር ግን ልብስ ነው። ስስ የብረት ወይም የነሐስ ቅርፊቶች ይበሳሉ፤ ጎን ለጎን በሽቦ ይያያዛሉ፤ ከዚያ በረድፍ በረድፍ ጨርቅ ወይም ቆዳ ላይ ይሰፋሉ። የላይኛው ረድፍ የታችኛውን አናት ስለሚሸፍን ክሩ አይታይም፣ በሰይፍም አይበጠስም። ከታች ወደ ላይ የተወጋ ጦር ግን ቅርፊቱን ገልጦ ሊገባ ይችላል። ለዚህም ይመስላል ኋላ ላይ ቅርፊቶቹን ከላይም ከታችም ማሰር የጀመሩት። መላውን ያገኘው እጁ መርፌ የለመደ ሰው ነው ባይ ነኝ።

አፈር ቀድሞ የሚበላው ክሩን ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የተበተነ ቅርፊት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ካርፓው ላይ የተገኘው ቁራጭ ግን ጨርቁን እንደያዘ ወጣ። ሶርያ ውስጥ፣ ፋርሶች እ.ኤ.አ. በ256 ገደማ በያዟት በዱራ ዩሮፖስ፣ እ.ኤ.አ. በ1932 ከአንድ ግንብ ሥር የፈረስ ጥሩሮች ተገኙ። ደረቁ ምድር ጨርቁን ጠብቆታል። መሀሉ ላይ ለኮርቻው የተተወ ክፍት ቦታ አለ። አንድ ሰው የፈረስ ጀርባ ለክቶ ቆርጧል ማለት ነው። ያንን ሳይ እጄ መቀስ የያዘ ያህል ተሰማኝ።

እርጥብ አፈር ውስጥም ተስፋ አለ። የመዳብ ዝገት ክር የሚያበሰብሱ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ የክሩን ቅርጽም ይዞ ይቀራል። ዝገቱን ፍቆ ብረቱን ማብረቅረቅ እንግዲህ ስፌቱን መቅደድ ነው። የሳታላው ጥሩር ኤርዙሩም ከተማ ወዳለ ቤተ ሙከራ ተወስዶ በራጅና በቶሞግራፊ መታየቱ፣ ሥራውም ዓመታት መፍጀቱ ልክ ነው። ዘገየ የሚል ሰው እኔን ይጠይቀኝ።

በወጣትነቴ አንድ ቤተሰብ የአያታቸውን ለምድ ጠግንልን ብለው አመጡልኝ። የጥንቱን ክር ፈትቼ ጣልኩና በናይለን ክር ሰፋሁት። አማረ፤ እነሱም መረቁኝ። የመጀመሪያው ሰፊ እንዴት ይቋጥር እንደነበር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያውቅ የለም። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ለሙዚየሞች አንድ ልመና አለኝ። ጥሩር ስትሰቅሉ ፊቱን ብቻ አታሳዩን። ከኋላው መስታወት አድርጉለት፤ ገበሩን እንየው።