የራዲዮ ፈቃድ የግድግዳ ጌጥ አይደለም

በእኛ ዘንድ ወረቀት ይከበራል። ሰርተፊኬት ያገኘ ተማሪ ይጨበጨብለታል፤ ወላጆቹም በመስተዋት አስገብተው ከሳሎን ይሰቅሉለታል። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም፤ የእኔም እናት እንዲሁ አድርጋለች። ነገር ግን ወረቀቱ የትምህርት መጨረሻ ሳይሆን የትምህርት መጀመሪያ የሚሆንበት አንድ ሥራ ስላለ፥ ስለ እርሱ ጥቂት ለመናገር እወዳለሁ። ይኸውም አማተር ራዲዮ ነው።

አማተር ራዲዮ ማለት ገንዘብ ሳይቀበሉበትና ሳይነግዱበት፥ ለዕውቀትና ለወዳጅነት ብቻ፥ በግል ጣቢያ ከሌሎች ሰዎች ጋር መነጋገር ነው። ዜናና ዘፈን አያሰራጭም። ሁለት ሰዎች እየተቀባበሉ ይናገራሉ፤ የፈለገ ሁሉ ያዳምጣቸዋል፤ ስለዚህም ትርጉሙን ለመሰወር በምስጢር ቃል መነጋገር ክልክል ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው የየአገሩ መንግሥት ነው።

እኔ በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ከአክስቴ ጋር ሁለት ዓመት በተቀመጥሁ ጊዜ የመጀመሪያውን ደረጃ ፈተና አለፍሁ። ፈተናው 35 ጥያቄ ሲኖረው 26ቱን የመለሰ ያልፋል፤ የዕድሜ ገደብም የለበትም። ጥያቄዎቹ ከነመልሶቻቸው አስቀድመው ስለሚታተሙ በቃል ይዞ ማለፍ ይቻላል። ቀድሞ ይፈለግ የነበረው የሞርስ ፈተናም በዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ቀርቷል። አንዳንድ ሽማግሌዎች ፈተናው ቀለለ እያሉ ያማርራሉ። በእኔ አስተያየት ግን ፈተናው መቅለሉ ደግ ነው። የሚያሳዝነው ሌላ ነው፤ ይኸውም ሰው የጥሪ ምልክቱን ተቀብሎ ዝም ማለቱ ነው።

በዚያ በነበርሁበት ክበብ ፈቃድ ካወጡ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ድምፃቸውን ያላሰሙ ሰዎች ነበሩ። ምክንያታቸውን ቢጠየቁ መሣሪያው ውድ ነው ይላሉ። እውነተኛው ምክንያት ግን ሀፍረት ይመስለኛል። ማን እንደሚሰማ ሳያውቁ ማይክሮፎን ይዞ ራስን ማስተዋወቅ፥ በሰልፍ ፊት ቆሞ ንግግር ከማድረግ ይብሳል፤ በሰልፍ ላይ ቢያንስ የሚስቅብህን ታየዋለህ።

የዚህ መድኃኒቱ ማዳመጥ ነው። በክበቡ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ፤ እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም እንጂ ጋሼ ልላቸው የሚገባኝ ሰው ናቸው። እርሳቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳልናገር እንዳዳምጥ አደረጉኝ። ተናጋሪዎቹ ተራ እንዴት እንደሚሰጣጡ፥ የጥሪ ምልክታቸውን ፊደል በፊደል በቃላት እንዴት እንደሚያስረዱ፥ አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ሰው መግባት እንዲችል በየመካከሉ ለምን ጥቂት ዝም እንደሚሉ በዚህ ተማርሁ። ከዚያም ክበቡ በየሳምንቱ ማታ ስም በሚጠራበት ሰዓት ተራዬ ሲደርስ ምልክቴን ተናገርሁ። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ከዚያ ወዲያ ፍርሃቱ ለቀቀኝ።

ቀጥሎ ሽቦ ዘረጋን። ለመጀመሪያው ደረጃ በንግግር ከተፈቀዱት ሞገዶች አንዱ በ28 ሜጋኸርትዝ የሚገኘው ነው፤ ለእርሱም በግራና በቀኝ 2 ሜትር ተኩል የሚሆን የመዳብ ሽቦ ይበቃል። አክስቴ መብረቅ ይጠራብናል ብላ ሰጋች፤ ስጋቷም ተገቢ ነበርና ደመና ሲከብድ ሽቦውን ከመሣሪያው እየነቀልን ከቤት ውጭ እንድንተወው ተስማማን። አንድ ቀን ጧት በ100 ዋት፥ ማለት በአንድ የቀድሞ አምፑል ኃይል፥ በሲሲሊያ የሚኖር ሰው መለሰልኝ። ርቀቱ ከ7 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ብጠራ ግን ከሹክሹክታ በቀር የሚሰማ የለም።

ለምን? ሞገዱ ወደ ሰማይ ወጥቶ፥ የፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ ካደረገው ከፍተኛ አየር ላይ ታጥፎ ወደ ምድር ይመለሳል። ያ አየር በቀንና በሌሊት፥ በወራትም፥ እንዲሁም ፀሐይ በየ11 ዓመቱ ያህል በምትበረታበትና በምትደክምበት መጠን ይለዋወጣል። ይህን ለፈተናው አንብቤው ነበር፤ ያመንሁት ግን ያን ጧት ነው።

«ስልክ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» የሚለኝ ጓደኛ ብዙ ነው። ስልክ ጥሩ ነው፤ እኔም እይዛለሁ። ነገር ግን ስልክ ያልታዩ የብዙ ሺህ ሰዎች ሥራ የቆመበት ዕቃ ስለ ሆነ፥ ምሰሶው ሲወድቅ በእጃችን የሚቀረው መስተዋት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ማሪያ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን በመታ ጊዜ የአሜሪካ ቀይ መስቀል አማተሮች እንዲላኩለት የጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነው። የተላኩት ደግሞ ከዚያ በፊት ዘወትር ሲነጋገሩ የኖሩት ናቸው እንጂ ፈቃዳቸውን በመሳቢያ የቈለፉት አልነበሩም።

አሁን ከተመለስሁ ወዲህ የውጭ አገር ፈቃዴ እዚህ ለመናገር አያበቃኝም። የሞገድ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. በዐዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥራ ስለ ሆነ፥ መናገር የሚሻ ሁሉ በዚያው በኩል መጠየቅ አለበት። ሥራው ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ የጥሪ ምልክት «ኢቲ» በሚሉት ፊደላት ይጀምራል፤ በ5 ኪሎ በቴክኖሎጂው ግቢ የተተከለው የክበብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤ በብዙ አገር ባሉ አማተሮች ተሰምቷል።

እስከዚያው ጆሮ አለን። ርእሰ መምህራችንንና የፊዚክስ መምህራኖቻችንን የምለምነው፥ በሳምንት አንድ ማታ ቤተ ሙከራው እንዲከፈትልን ነው። ተራ ራዲዮ የአማተሮችን ንግግር እንደ ዳክዬ ጩኸት አድርጎ ስለሚያሰማ፥ ለዚህ የተሠራ አንድ መቀበያ ያስፈልገናል፤ በጣሪያው ላይም 10 ሜትር ያህል ሽቦ። በ14 ሜጋኸርትዝ አካባቢ እናዳምጣለን፥ የሰማነውን አገርና ሰዓት በደብተር እንጽፋለን። በ400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ የሚዞረው የጠፈር ጣቢያም በላያችን ሲያልፍ ለ10 ደቂቃ ያህል ከአድማስ እስከ አድማስ ይሰማል፤ ጠፈርተኞቹ ከተማሪዎች ጋር ሲነጋገሩ የሚናገሩበት ቍጥር 145.800 ሜጋኸርትዝ ነው፤ ይህን ለመስማት ግን መቀበያው ያን ሞገድ ጭምር የሚይዝ መሆን አለበት። ሽቦውን እኔ አመጣለሁ፤ መሰላሉ ከዘበኛው ቤት ጀርባ አለ።